ለማስተማሪያ የታመመችው ጤናዬ

ኮልፌ ውስጥ እንደ ወይዘሮ ጤናዬ መታመም የሚችልበት ሰው አልነበረም። መታመም ስላችሁ እውነተኛውን ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ማን ያጣዋል። ጤናዬ የተካነችው በውሸቱ ነው። ገና በሙሽርነቷ የባሏ ዘመዶች ከመንዝ ሊጠይቋቸው ሲመጡ ወገቧን ይዛ እጥፍ ትላለች። አማቷ ደንግጠው ነጠላቸውን ያደገድጉና ወጡንም ሠርተው፣ ቤቱንም ጠርገው፣ እሷንም በትራስ ደግፈው አጉርሰው ይሄዳሉ። እግራቸው ከደጃፍ ሲወጣ ጤናዬ ብድግ ብላ የተረፈውን ወጥ ታሞቃለች። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺ ሴት፣ ቲያትር ቤት ብትቀጠሪ እኮ እኔ ሥራ እፈታ ነበር" እያለ ይስቃል እንጂ አንድ ቀን አሳልፎ ሰጥቷት አያውቅም።

እሱ ሲሞት አንዲት ልጅ፣ ፀዳለ የምትባል፣ ትቶላት ሄደ። ጤናዬም ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የረዳት ነርሶች ትምህርት ቤት በጽዳት ተቀጠረች። ዘመኑ የጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። በየቢሮው ግድግዳ ፎቶግራፋቸው ተሰቅሏል፤ ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ሁሉ ደግሞ አገሪቱን እስከ መጪው ፋሲካ ለውጦ ለመጨረስ ይጣደፋል። ከነዚህ አንዱ ዶክተር አምሐ ነው። ትምህርት ቤቱን እንዲመራ ሲሾም ክራቫቱ እንኳ ገና አልለመደውም ነበር።

ዶክተር አምሐ የራሱ በሽታ ነበረበት፤ ነገር ሁሉ በምን ምክንያት እንደሆነ ካላወቀ እንቅልፍ አይወስደውም። ዘበኛው ጋሽ ቦሩ አንድ ቀን ደስ ብሏቸው፣ "ራሴን ሲበጠብጠኝ አድሮ ሻይ ጠጣሁና ለቀቀኝ" አሉት።

"ሻዩን ባይጠጡትስ ኖሮ አይለቅዎትም ነበር?" አላቸው።

"ጠጥቼዋለኋ!"

"እሱንማ ሰማሁ። ባይጠጡትስ?"

"የጠጣሁትን ሻይ አሁን እንዴት አድርጌ አልጠጣውም ጌታዬ?" አሉ ጋሽ ቦሩ፤ ከዚያን ቀን ወዲያ ራሳቸውን ሲያማቸው ለዶክተሩ መንገር ተዉ።

ጤናዬና ዶክተሩ የተገናኙት በመስኮት ምክንያት ነው። የላይኛውን ፎቅ መስኮቶች እንድታጥብ ታዘዘች፤ ከፍታ ደግሞ እንደ ሞት ትፈራለች። ምን ታድርግ? ደረጃው ሥር ስትደርስ ሆዷን ይዛ "ወይኔ ልጄን!" ብላ ተዘረጋች። ዶክተሩ ከቢሮው ሮጦ ወጥቶ ተንበረከከ፤ ሆዷን ጫን ሲያደርግ ትጮሃለች፣ ሲለቅ ይብስባታል። ሙያዋን አውቃበታለች። ፊቱ ነጭ ሆኖ፣ "ትርፍ አንጀት ነው! መኪና አምጡ፣ አሁኑኑ መቀደድ አለባት!" ሲል ግን ጤናዬ እንደ ጎረምሳ ዘላ ተነሣች። "ኧረ ለቀቀኝ፣ ዶክተር! እመብርሃንን፣ ጥርግ አድርጎ ለቀቀኝ!"

በአካባቢው የነበረ ሁሉ ተባረረች አለ። እሷም ቀሚሷን እያራገፈች በልቧ ሰበብ ትፈልጋለች። ዶክተሩ ግን አልተቆጣም። ዓይኑ ሲበራ ታየ።

"እስቲ እንደገና ይታመሙልኝ" አላት።

"ምን አሉ?"

"ቅድም እንደታመሙት። ከቻሉ ደግሞ ደረትዎን ይሁን።"

እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ጤናዬ በበሽተኛነት የተቀጠረችው። ዶክተሩ አስቀምጦ ነገሩን አስረዳት። ልጆቹ ሰውነትን የሚማሩት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ በተሳለ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ታማሚ መስሎ በሚተኛላቸው ሰው ላይ ቢለማመዱ ይበልጥ ይማራሉ ብሎ ያስባል። "ግን ማሰብ አይበቃም" አለ፣ ጣቱን አንሥቶ። "ስለዚህ በዕጣ ለሁለት እከፍላቸዋለሁ። ግማሾቹ በጠመኔ ብቻ ይማራሉ፤ ግማሾቹ በጠመኔም በእርስዎም። አስተማሪው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ፈተናው አንድ። እንግዲህ የእርስዎዎቹ በልጠው ከተገኙ ያበለጣቸው እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ምን ይሆናል?"

"በዕጣ ለምን? ጎበዞቹን ለእኔ አይሰጡኝም?"

"እሱን ካደረግሁማ ያበለጣቸው ጉብዝናቸው ይሁን እርስዎ በምን አውቃለሁ? ዕጣ አያዳላም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ ነገር ይማሉልኝ። በዚህ ግቢ ውስጥ ለጠመኔ ልጆች እንዳይታመሙላቸው። ከጠመኔዎቹ አንዷ ተደብቃ ሰው ላይ ስትለማመድ ካገኘኋት ውጤቷን እሰርዛለሁ፤ አልምራትም።"

"ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ በዚህ ግቢ ውስጥ አልታመምላቸውም" አለች ጤናዬ፣ ደረቷን እየመታች። መስኮት ከማጠብ ተርፋ ተኝታ ደመወዝ ልትበላ ነው፤ ለምን አትምል?

ዕጣው የወጣ ቀን ግን ልቧ ስንጥቅ አለ። ልጇ ፀዳለ እዚያው ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። እጇን ዶክተሩ ባዞረው ቆብ ውስጥ ሰዳ ያወጣችው ዕጣ ጠመኔ ሆነ።

አያችሁ፣ ፀዳለ ባለፈው ፈተና ወድቃለች፤ ሁለተኛ የወደቀች ትሰናበታለች፣ ደንቡ እሱ ነው። ልጅቱ ሰነፍ ሆና አይደለም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር እንደ ውዳሴ ማርያም ትወጣዋለች። ችግሯ ሰው ነው። ሰው ፊት ስትቆም ምላሷ ይታሰራል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ "የት ጋ ነው የሚያምዎት?" የምትለዋን ጥያቄ ከጉሮሮዋ ማውጣት ምጥ ይሆንባታል። ባለፈው ፈተና ላይ የቀረቡላት ሽማግሌ አዝነውላት "አንቺን ነው እንዴ የሚያምሽ ልጄ?" ብለዋታል። ሰው ላይ መለማመድ የሚያስፈልጋት ልጅ ብትኖር እሷ ነበረች፤ የደረሳት ደግሞ ጠመኔ።

ጤናዬ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ሄዳ ለመነች። "ባይሆን በአንዷ ይቀይሩልኝ፤ ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ" አላት። "ዕጣ ከተነካ ጥናቱ ሞተ። አዝናለሁ፣ ወይዘሮ ጤናዬ።"

ማዘኑ የእውነት ነበር፤ እሱ ነው ይበልጥ ያናደዳት።

ሥራው ተጀመረ። ጤናዬ አንሶላ በለበሰ አልጋ ላይ ትተኛለች፤ የዕጣ ዕድለኞቹ፣ የአልጋ ልጆች እየተባሉ የሚጠሩት፣ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ይከቧታል። እሷም ሥራዋን አላቀለለችውም። የሳንባ ምች ሲሆንባት ከአስፋልቱ ማዶ ሰው ይሰማታል። የኩላሊት ጠጠር በሆነባት ቀን ጋሽ ቦሩ ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ መጥተዋል። ከልጆቹ መሐል የኔነሽ የምትባለው ከጎጃም የመጣች ቀልጣፋ ልጅ ገና ከበር "ሐሞት ነው!" ትላለች፤ በጩኸቱ ለይታ ማለት ነው። ጤናዬ ልጆቹን ወደደቻቸው፤ መውደዷም ያንገበግባታል። ከግድግዳው ማዶ የራሷ ልጅ በጠመኔ የተሳለ ጉበት ወደ ደብተሯ ትገለብጣለች። የሰው ልጅ ሁሉ በእኔ ሆድ ይማራል፣ የእኔዋ በሰሌዳ ሆድ፤ እንዴት ያለ ፍርድ ነው ይኼ? አለች በሆዷ።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ፌርማታው ጋ ድንገት ቆመች። መሐላዋ ትዝ ብሏት ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ ነው ያልኩት። ቤቴ ግቢው ውስጥ ነው እንዴ? ሰው ሁሉ እያያት ብቻዋን ሳቀች።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ቤቷ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንባ ተዘረጋች። "ነይ፣ ፀዳለ። ሳል ነው። ጠይቂኝ።"

"እማዬ፣ ሲያውቁብን..."

"እናትሽ ታማ አትጠይቂም? የሚከለክል ካለ እስቲ ይምጣ!"

ፀዳለ መጀመሪያ ለእናቷም አፈረች፤ ስትስቅም ስታለቅስም ዋለች። ብቻዋን ደፈር አልል ስላለች ሁለት የጠመኔ ጓደኞቿን፣ ዘመነችንና ሃጂራን፣ ይዛ መጣች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ስለመጡ ሦስቱም ነጩን ጋዋን እንደለበሱ ነበር። ስህተቱም እዚህ ላይ ተሠራ።

ጎረቤቷ ሸዋገነት ደጇ ላይ ሽንኩርት ስትልጥ ነጭ የለበሱ ሦስት ልጆች ተከታትለው ጤናዬ ቤት ሲገቡ አየች። ሽንኩርቱን ጥላ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። "እኔ ልደፋልሽ፣ ጤንዬ! ምነው ሳትነግሪኝ?" ጤናዬ ምን ትበል? የልጇን ምስጢር ለኮልፌ ትዘርግፍ? ዓይኗን ገርበብ አድርጋ "እህህ" አለች። አለቀ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

የታመመ አለመጠየቅ ነውር በሆነበት ሰፈር የተኛ ሰው የብቻው አይደለም። መደቡ ዙሪያ ሰው ሞላ። አንዷ አጥሚት፣ አንዱ ብርቱካን፣ ሸዋገነት ጠበል በጠርሙስ። ጴንጤው ጎረቤታቸው አቶ ገመቹ ከባለቤቱ ጋር መጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ ጸለየላት። የሃጂራ እናት ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው ላኩ። ልጆቹ በየቀኑ ከሰዓት ስለሚመጡ ጠያቂውም በየቀኑ ይመጣል፤ ጠያቂው በየቀኑ ስለሚመጣ ጤናዬም መነሣት አቃታት። እዚያ ለደመወዝ ታማ ውላ፣ እዚህ ለይሉኝታ ታማ ታመሻለች። ጠዋት ጠዋት ሥራ ስትሄድ ሸዋገነት አግኝታት "ደግሞ በዚህ ሁኔታሽ!" ስትላት፣ "እዚያም መተኛት ነው" አለቻት፤ እውነቷን ነው።

ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። መጀመሪያ ሸዋገነት እግሯን ዘርግታ፣ "እስቲ ፀዳለ፣ ይቺን እብጠት እያትማ፤ መቼም እዚሁ ነሽ" አለች። ከዚያ አንዱ ወገቡን፣ አንዷ የልጇን ጆሮ። ፀዳለ እንደ እናቷ የሚጮኽላት በሽተኛ አላገኘችም። የኮልፌ ሰው እንዴት ነዎት ሲሉት "እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ይላል፤ ትኩሳቱ ጋቢውን እያቃጠለው እንኳ ደህና ነው። ልጆቹ ቀስ በቀስ ገባቸው። መቀመጥ አለ፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ አገር ቤት ስለቀረው ወንድም መጠየቅ አለ፤ ከዚያ መልሶ "ታዲያ እንቅልፍ እንዴት ነው?" ማለት አለ። ያኔ ሽማግሌው "አይ፣ እሱን እንኳ ተዪው ልጄ" ይሉና በሽታው ራሱ ተነሥቶ ይወጣል። ፀዳለ ማፈሯን መቼ እንደተወች ራሷም አላወቀችውም። አንድ ቀን ጤናዬ ጋቢዋ ውስጥ ሆና ልጇ "አባባ፣ ይተንፍሱ። አሁንም። ጎሽ!" ስትል ሰማቻት፤ እንባዋ መጣ፤ ሸዋገነት ባሰባት ብላ ጮኸች።

ነገሩ የከረረው የዕድሩ ዳኛ አቶ አየለ ሲመጡ ነው። ደህና አድርገው ጠየቋት፣ አበረታቷት፤ ሲወጡ ግን በር ላይ ለሰዎቹ በሹክሹክታ፣ "ድንኳኑ አንድ ወገኑ ተቀድዷል፤ ከወዲሁ ይሰፋ" ሲሉ ሰማች። ኧረ ምን በወጣኝ! ብላ በማግሥቱ ዳነች። ተነሥታ ደጇን ጠረገች።

አሁን ደግሞ ማን አዳናት የሚል ክርክር ተነሣ። ሸዋገነት፣ "ጠበሉን የጠጣች ለት ነው ላብ ያጠመቃት፤ በዓይኔ አይቻለሁ" አለች። አቶ ገመቹ ፈገግ ብሎ፣ "እኛ የጸለይን ለት ነው ቀና ብላ የተቀመጠችው" አለ። የሃጂራ እናት ስለ ጥቁር አዝሙዳቸው ማንም እንዲከራከራቸው አልፈቀዱም። ዘመነችማ ይባስ ብላ፣ "እኛ ነን እንጂ!" ብላ ደረቷን ነፋች፤ ጤናዬ ያልታመመች መሆኗን እያወቀች! አቶ አየለም አልቀሩም። "እኔ የማውቀው ድንኳኑ እንደተሰፋ መዳኗን ነው" አሉ። ሁሉም በየፊናቸው ምስክር አላቸው፤ ሁሉም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ጤናዬ የጋቢዋን ጫፍ ነክሳ ሳቋን ዋጠች። አንድም ሰው መጀመሪያ ታማ ነበር ወይ ብሎ አልጠየቀም።

እሷ ብትድንም የሰፈሩ በሽተኛ መምጣቱን አልተወም። እስከ ፈተናው ዋዜማ ድረስ ሦስቱ የጠመኔ ልጆች፣ ኋላም ሌሎች የጠመኔ ጓደኞቻቸው፣ ጤናዬ ቤት ከሰዓት ከሰዓት ሰው ሲያዩ ከረሙ። ዶክተር አምሐ ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር አልሰማም።

ፈተናው ላይ ከሆስፒታል እውነተኛ ሕመምተኞች መጡ። የኔነሽ የቀረቡላት አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ። "አባባ፣ የት ጋ ያምዎታል?" አለች ጥርት ባለ ድምፅ። "ደህና ነኝ ልጄ፤ እግዜር ይመስገን።" የኔነሽ ጠበቀች። አይጮኹም፣ አይንፈራገጡም፣ እመብርሃንን አይጠሩም። እትዬ ጤናዬ በሳንባ ምች እንዴት እንደሚሆኑ አሳምራ ታውቃለች፤ እኚህማ ምንም የላቸውም። "ጤነኛ ናቸው" ብላ ጻፈች። የአልጋ ልጆች በሙሉ ለማለት ይቻላል እንዲሁ ነው ያደረጉት። ፀዳለ ደግሞ ተራዋ ሲደርስ እኚያው ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠችና "ከየት ነው የመጡት አባባ? እህሉስ ዘንድሮ እንዴት ነው?" አለች። ሳይቆይ ውጋታቸው የት ጋ እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመራቸው፣ የትኛው ጎናቸው ላይ መተኛት እንደማይችሉ አንድ በአንድ ነገሯት።

ውጤቱ ሲወጣ የጠመኔ ልጆች የአልጋዎቹን አስከንድተው በለጡ። ፀዳለ ከሁሉም በላይ ሆነች። ጤናዬ ሽንት ቤት ገብታ አፏን በእጇ ይዛ እልል አለች።

የምስክር ወረቀት በሚሰጥበት ጠዋት ልጆቹ ሁሉ ትልቁ ክፍል ተሰበሰቡ። ጤናዬ ከኋላ መስኮት ሥር ባልዲዋንና ጨርቋን ይዛ ቆማለች። ዶክተር አምሐ ፊቱ ገርጥቶ፣ ያልተኛ ሰው መስሎ ወጣ።

"ተሳስቼ ነበር" አለ። "የውሸት በሽተኛ ላይ መለማመድ አልጠቀመም፤ እንዲያውም ጎድቷል። ዕጣ አላዳላም፣ አስተማሪው አንድ ነበር፣ ፈተናው አንድ ነበር። ስለዚህ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሁሉም ልጆች በጠመኔ ብቻ ይማራሉ። ወይዘሮ ጤናዬም፣ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ይመለሳሉ።"

ጤናዬ ክው አለች። በገዛ እጇ፣ በገዛ መደቧ ላይ ተኝታ ሥራዋን አጠፋች ማለት ነው። ይሁን፤ መስኮትም ይታጠባል። አፌን እዘጋለሁ፣ ልጄ ወረቀቷን ትያዝ፤ ከዚያ ወዲያ የፈለገው ይምጣ። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ ያቺን አንዲት ወረቀት ብቻ።

ዶክተሩ ግን የራሱ በሽታ ለቆት አያውቅ። "አንድ ነገር አልገባኝም" አለ። "ፀዳለ፣ ተነሺ። ባለፈው ሰው ፊት መናገር አቅቶሽ ወድቀሽ ነበር። ጠመኔው ያው ጠመኔ ነው። ምን ለወጠሽ?"

ፀዳለ ተነሣች። ጤናዬ የልጇን ጀርባ እያየች የባልዲዋን እጀታ ጨበጠች። ፀዳለ መዋሸት አትችልበትም፤ ያንን ሙያ ከእናቷ አልወረሰችውም። እውነቱን ከተናገረች ደግሞ ውጤቷ ይሰረዛል፤ ሁለተኛዋ ነው፣ ትሰናበታለች። ልጅቷ አፏን ስትከፍት ጤናዬ የምታውቀውን አንድ ነገር አደረገች። ባልዲውን ለቀቀችው። ውኃው ወለሉን ሲያጥለቀልቀው "ወይኔ ልጄን!" ብላ በዕድሜዋ ያላሳየችውን አወዳደቅ ወደቀች።

የአልጋ ልጆች ካሉበት አልተነቃነቁም። "የሚጥል በሽታ ነው" አለች አንዷ። "የልብ ነው እንጂ" አለች የኔነሽ፣ እንደ አዋቂ ራሷን ነቅንቃ፤ "የሚጥል ሲሆንባቸው እግራቸውን ያወናጭፋሉ።" ዶክተሩ ራሱ፣ "ወይዘሮ ጤናዬ፣ ዛሬ እኮ ሥራ የለም" አለ፣ ፈገግታ እየታገለው።

ፀዳለ ብቻ መጣች። ውኃው ውስጥ ተንበረከከች፣ የእናቷን አንጓ ያዘች፣ ጆሮዋን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ምንሽን ነው፣ እማዬ?"

"ልቤን..."

"ልብሽ ደህና ነው።" ጠጋ አለቻት። "ምን ፈርተሽ ነው?"

ጤናዬ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ "እንዳትናገሪ" አለች በሹክሹክታ። "ያባርሩሻል፣ ልጄ። እንዳትናገሪ።"

ፀዳለ የእናቷን እጅ ቀስ ብላ መለሰችና ተነሣች። ጋዋኗ ከጉልበቷ በታች ርሷል። ስትናገር ድምጿ የኋለኛውን ወንበር አልፎ ሄደ። "እናቴ ምንም አልሆነችም፣ ዶክተር። የተኛችው እኔን ዝም ለማሰኘት ነው። ከዕጣው በኋላ በየቀኑ ቤታችን እየታመመችልኝ ተለማመድኩ። ሰፈሩም የእውነት የታመመች መስሎት ሊጠይቅ ሲመጣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አየሁ። ዘመነችም፣ ሃጂራም፣ ሌሎቹም አይተዋል፤ ያመጣኋቸው ግን እኔ ነኝ። በጠመኔ አይደለም የተማርኩት። የሚመጡትን ልጆች ሰው ሳያዩ አያውጧቸው፤ እኔ እንደነበርኩት ይሆናሉ።"

ጤናዬ ወለሉ ላይ እንደተጋደመች ሁሉንም ሰማች። ሰው ፊት መናገር የማትችለዋ ልጇ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የገዛ ወረቀቷን በገዛ አፏ ስትቀድ።

ዶክተር አምሐ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ኋላ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሚያለቅስ መስሏቸው ነበር፣ ለካ እየሳቀ ነው። "የሰፈሩን ሰው ሁሉ!" አለ። "እኔ እዚህ ሰዓቱን፣ አስተማሪውን፣ ወንበሩን ሳይቀር እኩል አደርጋለሁ፤ ለካ ኮልፌ በሙሉ ተሰልፎ ጥናቴ ላይ ተኝቶበታል!" መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። "ወይዘሮ ጤናዬ፣ ሁለተኛ ስሞክረው እርስዎ የማይደርሱበት አገር ፈልጌ ነው።" ከዚያ ወደ ፀዳለ ዞረ፤ ሳቁ ጠፋ። "ውጤትሽን እሰርዛለሁ ብያለሁ፣ እሰርዘዋለሁም። ከጥናቴ። በሽተኛውን ግን በራስሽ እጅና ጆሮ ነው ያወቅሽው፤ ይኼን ምን ብዬ ነው የምሰርዘው? ነይ ወረቀትሽን ውሰጂ።"

ያን ጊዜ ጤናዬ አለቀሰች። ለቅሶው ቀስ ብሎ አልመጣም፤ ባሏን የቀበረች ቀን የያዘችው፣ ልጇ ስትወድቅ የዋጠችው፣ መደቡ ላይ በጋቢ ያፈነችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ወጣ። እየተነፈሰችም አትመስልም። የአልጋ ልጆች አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። "ኧረ እዩ፣ እትዬ ጤናዬን!" አለች የኔነሽ በአድናቆት። "እንዲህ አድርገውልን እኮ አያውቁም!" ብላ ማጨብጨብ ጀመረች፤ ጓደኞቿም ተከተሏት፤ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ዶክተሩም እየሳቀ፣ "ይበቃል፣ አሁን ይነሡ" አላት።

ፀዳለ ግን አላጨበጨበችም። የእናቷን የውሸት ለቅሶ ሁሉ አንድ በአንድ ታውቀዋለች፤ ይኼኛውን አይታው አታውቅም። የተቀበለችውን ወረቀት እንዳይርስ ለሃጂራ አስያዘችና እርጥቡ ወለል ላይ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ አቀፈቻት።